በጭላዳ ላይ የተጠራው አውጫጭኝ

በተወለድሁበት በበየዳ በሬ ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይጠራል። ሰፈሩ በሙሉ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው «ያየ፣ የሰማ፣ አውቆም የደበቀ» ብለው ይገዝታሉ። ከዚያ ሁሉም በየተራው እየተነሣ መስቀል ስሞ የሚያውቀውን ይናገራል፤ የማያውቅም «አላውቅም» ብሎ ይምላል። ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤት መግባት የለም። በልጅነቴ አይቻለሁ፤ በሬው ይገኛል። በሬ ነዋ! ይበላል፣ ይጮኻል፣ ዳና ይተዋል።

ደባርቅ ላይ ግን ለፌስቡክ አውጫጭኝ የጠራ ሰው አየሁ። በዓለም ላይ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ለአገሩ እግዜር ይድረስለት።

ጊዜው 2009 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የወጣ ሰሞን ነው። እኔ ያኔ ደባርቅ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላና ብርድ ልብስ እያጠብሁ የምኖር ሴት ነበርሁ፤ ዛሬም ያው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልገፋሁም። ባሌ መተማ ለአጨዳ ወርዶ ወባ አስቀረብኝ። ያለችኝ ሰናይት ብቻ ናት። ጎንደር የምግብ ዝግጅት ተምራ፣ ሰሜን ተራራን ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች ታበስላለች። ድስቷን በበቅሎ አስጭና ተራራው ላይ ወዳሉት ማረፊያዎች፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ትወጣና ፊቷ በብርድ ተላልጦ ትመለሳለች።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈሪ ነኝ። ፖሊስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። የቀበሌ ተላላኪ በር ሲያንኳኳ እጄ ላይ ያለው ዕቃ ይወድቃል። ይህን የምናገረው ወደፊት የማወራውን ጀግንነት መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ በብርቄ ልጅ ነው። ይርጋ ይባላል፤ ጎማ ጠጋኝ ነው። በጠራራ ፀሐይ ከሚሠራበት ቤት በፒካፕ ጭነው ወሰዱት። ብርቄ ቀበሌ ሄደች፤ «እኛ አልያዝነውም» አሏት። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ «እዚህ የለም» አሏት። ስንቅ ቋጥራ ከበር በር ስትንከራተት ሰነበተች።

በዚያ መካከል ፌስቡክ ላይ «ጭላዳ» በሚባል ገጽ አንድ ፎቶ ወጣ። የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ ጭላዳ ይላል፣ ፊት በሚለጠፍበት ቦታ ደረቱ የቀላ ጭላዳ ዝንጀሮ ጥርሱን ገልጦ ተቀምጧል። የወጣው ፎቶ ይርጋ ፒካፑ ላይ ሲወጣ ነው። ከጎኑ ክንዱን ጨብጦ የቆመው የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ ነው። ከሥሩ «እናቱ የት እንዳለ ትጠይቃለች» ይላል። ስድብ የለው፣ ዛቻ የለው፤ ይኸው ነው።

የዚያን ኃላፊ ስም አልጽፈውም። ፈርቼው አይደለም፤ ስም ለሰው ነው የሚወጣው ብዬ ነው።

ፎቶው በወጣ ማግስት የስልኩ ኢንተርኔት በከተማው ሁሉ ጠፋ። ሰናይት ለጉዞ ሽንኩርትና ድንች እየለየች ሳለ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትጩኺ።»

«አረገዝሽ እንዴ?»

«አላረገዝሁም። ጭላዳ እኔ ነኝ።»

አልጮኽሁም። መጮህ አቅቶኝ ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጥሁና «ምነው ያረገዝሽ ቢሆን ኖሮ!» አልኋት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ስልክሽን ሽንት ቤት ጣይው።»

«ሌሎችም ፎቶዎች አሉበት እማ። ብጥለው ይርጋን ማንም አልወሰደውም ማለት ነው።»

«አንቺን የወሰዱሽ እንደሆነስ?»

«ማንም አያውቅም። አንቺ ብቻ ነሽ ያወቅሽው።»

ይህን ያለችኝ ልታጽናናኝ ብላ ነው! በማግስቱ ከፈረንጆቹ ጋር ጨነቅ ወጣች።

እሷ በወጣች በሁለተኛው ቀን ተላላኪው ከየቤቱ አንድ ትልቅ ሰው ቀበሌ አዳራሽ እንዲገኝ፣ የቀረም ስኳርና ዘይት እንደማይሰጠው ነግሮን ሄደ። ጠዋት ገባን። መድረኩ ላይ ኃላፊው ቆሟል፤ ከጎኑ የነፍስ አባቴ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ነገሩ አውጫጭኝ መሆኑ የገባኝ መስቀሉን ሳይ ነው። የመጣሁት ስብሰባ ነው ብዬ ነበር።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። «ጭላዳ የሚባል የፀረ ሰላም ኃይሎች ተላላኪ በመካከላችን አለ!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ጌታው፣ ጭላዳ ከሆነ ጨነቅ ሂዱ፤ መንጋው እዚያ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ጨነቅ የሚለውን ስሰማ ወንበሩን ጨበጥሁ።

«የምን ሳቅ ነው! ይህ የኢንተርኔት ወንጀል ነው! ማስረጃውን አሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ» አለና አንዱን የቢሮ ሠራተኛ ጠራው። «ክፈትና አሳያቸው።»

ሠራተኛው ስልኩን ነካካ፣ ወደ መስኮት ተጠጋ፣ ወደ ጣሪያው ከፍ አደረገው። «አይሠራም።»

«ለምን አይሠራም?»

«ተዘግቷል።»

«ማነው የዘጋው?»

ሠራተኛው መሬት መሬት እያየ «መንግሥት ነዋ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሰው ጭላዳን ሊይዝ መጥቶ ጭላዳ የሚታይበትን መስኮት የራሱ አለቆች አስቀድመው ያሸጉ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባው። መግባቱንም እንጃ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ከዚያ የሚያውቀውን ብቸኛ ነገር አደረገ፤ ጮኸ። እሱም የገጠር ልጅ ነው፤ ከዳባት ወዲያ ማዶ ነው ያደገው። በሬ በአውጫጭኝ ሲገኝ አይቷል። ኢንተርኔት ማለት ለእሱ ጎረቤት ሰርቆ ጓሮው ያሰረው ወይፈን ነው።

«ዛሬ በእምነታችሁ ትያዛላችሁ!» አለ። «ያወቀ ይናገራል። ካልተናገረ በግዝት ይታሰራል። አባታችን፣ ይቀጥሉ።»

ቄሱ ከመነሳታቸው በፊት ብርቄ ተነሳች። ስንቋን አንጠልጥላ ነው የመጣችው።

«አባቴ፣ እኔም የጠፋብኝ አለ። በሬ አይደለም፣ ልጅ ነው። ያየና የደበቀ ይናገር ብለው አብረው ይገዝቱልኝ።»

ኃላፊው «አጀንዳችን አይደለም፣ ተቀመጪ!» አለ።

«አንተን አላናገርሁም። አባቴ፣ እርስዎን ነው።»

ቄሱ መስቀላቸውን አዩ። ከዚያ ኃላፊውን አዩ። ብርቄን ሳያዩ «ልጄ፣ ተቀመጪ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አሏት። በዚያች ሰዓት ከልቤ አንድ ነገር ተቆረጠ። እግዚአብሔርማ ማወቁን ማን ጠየቀው? የሚናገር ነው የጠፋው።

ገዘቱ። «የዚህን ጽሑፍ ባለቤት አውቆ የደበቀ፣ አይቶ አላየሁም ያለ፣ ከክርስቲያን ኅብረት የተለየ ይሁን። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ገዝቻለሁ።» ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው፤ ለቅዳሴ እንጂ ለዚህ የተሠራ አይደለም።

ሰው ተሰለፈ። መስቀል ይስማል፣ «አላውቅም» ይላል፣ ያልፋል። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አያውቅም። ወረፋው ሲደርሰኝ ሁለት ፍርሃት በሁለት በኩል ያዘኝ። «አላውቅም» ብል በመስቀል ላይ ዋሽቼ ነፍሴ ጠፋች። ብናገር ልጄ ጠፋች። ሌላ ሰው ብልሃት ይፈልግ ነበር፤ እኔ ብልሃት የለኝም። መስቀሉን ሳምሁና ያለውን አልሁ።

«አውቃለሁ። አልናገርም።»

ቄሱ መስቀሉን ከአፌ አላነሱትም፤ እጃቸው ደርቆ ቀረ።

«ምን አልሽ አንቺ ሴትዮ?» አለ ኃላፊው።

«የሰማኸውን ነው።» አንተ አልሁት። በዕድሜዬ ባለሥልጣን አንተ ብዬ አላውቅም። ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ቃሉ ግን ወጣ።

የማዳበሪያ ከረጢት በሚከመርበት የቀበሌ መጋዘን አስገቡኝ። ኃላፊው ተከትሎኝ ገባና ስልኬን ነጠቀኝ።

«ፓስወርድ!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«መክፈቻው! ስልክሽ የሚከፈትበት!»

«ቀዩን ጫን አድርገህ ያዘው፤ ይበራል። ባትሪም አለው፤ አናቱ ላይ።»

ያቺን ባለ ቁልፍ ስልክ እያገላበጠ ብዙ ቆየ። አንድ ዕድር፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ነጋዴ፣ አንድ ሰናይት የሚል አገኘበት። ሰናይት ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

«ልጅሽ የት ናት?»

ዝም ማለቴ አልረዳኝም፤ ሥራዋን ከተማው ያውቃል። በሩ ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ጨነቅ ናት። ነገ ከፈረንጆቹ ጋር ትወርዳለች። ቡይት ራስ፣ የፓርኩ መግቢያ በር ላይ ጠብቋት፤ ስልኩን ከነባለቤቷ አምጡልኝ።»

ጨነቅ ላይ ኔትወርክ የለም። ሰናይት ምንም ሳትሰማ፣ ያን ሁሉ ፎቶ በኪሷ ይዛ፣ ምናልባትም እየዘፈነች፣ ነገ እጃቸው ላይ ልትወርድ ነው። ግንቡን በግንባሬ መታሁት። መግደል የሚባለው ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣብኝ ያን ዕለት ነው።

እንዲጠብቀኝ የቆመው አንድ ሚሊሻ ነበር፤ ጠመንጃውን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ውሃ ጠየቅሁት። ጀሪካኑን በእግሩ ገፋ አደረገልኝና ራቅ አለ።

«በኩባያዬ አትጠጪ እንጂ ውሰጂ» አለኝ። «ክፉ አይምሰልሽ እቴ። አንቺ አሁን የተገዘትሽ ነሽ። ከተገዘተ ጋር መብላት፣ መቀራረብ፣ ወሬ መጫወት አይገባም። ልጆች አሉኝ።»

በአንድ በኩል አንገቴን ደፋሁ፤ በሌላ በኩል ሰውዬው ሲርቅ አየሁ። ከደጃፉ ተነሥቶ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄዶ ተቀመጠ።

ቀትር ላይ ብርቄ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ለልጇ የቋጠረችውን ስንቅ ነው ያመጣችልኝ። ሚሊሻው ከሩቅ «አትጠጊያት፣ የተገዘተች ናት!» አላት።

«ልጄን የወሰደ ሰው መስቀል እየሳመ ሲኖር፣ እኔ እሷን ልሽሽ?» አለችና ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ብይ።»

«ብርቄ፣ እህል አይወርድልኝም። ስሚኝ፣ ሰናይት ናት።»

ዓይኗ ፈጠጠ። ሚሊሻውን አየን፤ ጀርባውን ሰጥቶ ጥርሱን ይፍቃል። ኃላፊው የሾመብኝ ጠባቂ ኃላፊው ራሱ ያስወገዘኝን ሴት ፈርቶ ወሬዬን ላለመስማት ይጠነቀቃል! ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ሽው አለኝ።

«ነገ ቡይት ራስ ላይ ይይዟታል። ሰው ድረስላት በይ።»

«አያ ደሴ» አለች ወዲያው። አያ ደሴ በቅሎ የሚያከራይ፣ ከሰናይት ጋር ብዙ ጊዜ የወጣ ሽማግሌ ነው። «ከሰዓት ወደ ጃናሞራ የሚሄድ አይሱዙ አለ። ጨነቅን አልፎ ነው የሚሄደው። ምን ልበለው?»

«ወደ ታች እንዳትወርድ። በቧሂት ተራራ አድርጋ በየዳ፣ ወንድሜ ዘንድ ትሻገር። ስልኩን አጥፍታ። እናትሽ ናት ያለችሽ፣ በላት በይው።»

ብርቄ ስንቁን ትታልኝ፣ ባዶ ሰሐኗን እያንኳኳች፣ ሚሊሻውን «ቆሽሾ ያደረ ጥርስ ነው እንዴ?» ብላው ወጣች።

ቀጥሎ ያለውን አያ ደሴ ነው በኋላ ያወራልን። ቡይት ራስ በር ላይ አይሱዙዋን አስቁመው ተሳፋሪውን ሁሉ ስልክ አውጣ ይሉታል። አያ ደሴ ዘንድ ሲደርሱ «የታለ ስልክህ?» ይሉታል። «በቅሎ ነው ያለኝ» ይላቸዋል። «ኢንተርኔት ታውቃለህ?» ሲሉት «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ስቀው ለቀቁት። ፖሊሶቹ ዘመናዊ ወንጀለኛ ነው የሚፈልጉት፤ መልእክት በሰው አፍ እንደሚሄድ ረስተውታል። ያደጉት እናቶቻቸው እንዲያ ሲላላኩ እያዩ እንዳልነበረ!

እኔ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። በማግስቱ ከረጢቱ ላይ ተቀምጬ ፀሐይዋን ከበሩ ሥር ሳያት ዋልሁ። ደረሰ? አይሱዙዋ ተበላሽታስ እንደሆን? አያ ደሴ መንገድ ላይ ጠጥቶስ እንደሆን? መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የልጄን ጩኸት እጠብቃለሁ። መጸለይ ፈለግሁ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ግዝቱ ትዝ ይለኛል። የተለየሁ ነኝ፤ በየትኛው አፌ እለምናለሁ? ቢሆንም ለመንሁ። «አንተ ካልፈለግኸኝ ለእሷ ስትል ስማኝ» አልሁት።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በሩ በርግጫ ተከፈተ። ኃላፊው ነው፤ ብቻውን ነው። ብቻውን መሆኑን ሳይ ምን ያህል እንደተነፈስሁ እኔና እግዜር እናውቃለን።

«ድስት ብቻ!» አለ። «ፈረንጅና ድስት ብቻ ወረደ! አስጎብኚውን ብጠይቀው ታማ ሄደች ይለኛል። ፈረንጆቹ ቁርስ በደረቅ ዳቦ በላን ብለው ለእኔ ያማርራሉ! የት ናት?»

«እኔ እዚህ አይደለሁ? አንተ አይደለህ የቆለፍህብኝ?»

በጥፊ መታኝ። ከጥፊው ይልቅ የገረመኝ «አሁን ለወረዳው ምን ልበል?» ማለቱ ነው። እሱም የሚፈራው ከበላዩ አለው። ያን ጊዜ ነው የናቅሁት። እስከዚያች ደቂቃ እጠላው ነበር፤ ጥላቻ ውስጥ ትንሽ አክብሮት አለበት። ከዚያ ወዲያ ግን ባየሁት ቁጥር ያች ወደ ጣሪያ የተዘረጋች ስልክ ትታየኛለች።

ጥቂት ቀን አሰነበቱኝና አንድ ጠዋት «ውጪ» አሉኝ። ጥፋቴን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቄሱ ቤቴ መጡ። በር ላይ ቆመው «ግዝቱን ፈትቼልሻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። እጅ ነሣሁ። ከዚያ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ የገዘቱበትን ጽሑፍ አንብበውት ነበር?»

«አላነበብሁትም።»

«ለብርቄ ልጅስ ለምን አልገዘቱም?»

«ፈራሁ ልጄ» አሉ።

እኔም ፈሪ ነኝና ፍርሃታቸው ገባኝ። ግን እኔ ፈርቼ ልጄን አልሰጠሁም፤ እሳቸው ፈርተው መስቀሉን አከራዩ። መስቀሉን ሳምሁ፤ በዚያው ሳምንት የነፍስ አባት ቀየርሁ።

ይርጋ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ሰው ሲጠራው እየደነገጠ። የት እንደነበር ሲጠየቅ «ስልጠና» ይላል፤ እንዲያ በል ብለውታል። ሰናይት ከበየዳ ወደ ሌላ አገር አለፈች፤ ድምፅዋን ሳልሰማ ብዙ ጊዜ ኖርሁ።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከዚያ በፊት ኢንተርኔት የወጣቶች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ቢዘጋ ቢከፈት ለአንሶላ አጣቢ ምኗ ነው እል ነበር። ለካ የእኔም ደጃፍ ነው። ብርቄ ልጇን በሁሉም ደጃፍ ጠይቃ «አናውቀውም» ስትባል፣ «አይተናል» ያላት ያ ደጃፍ ብቻ ነው። የዘጉትም ለዚሁ ነው። ስልክ ደግሞ ጓዳ ነው፤ ደብዳቤህ፣ ልቅሶህ፣ ፍቅርህ ያለበት። ፖሊስ የሰው ጓዳ የሚገባ ከሆነ ዳኛ ፈቅዶለት ይግባ። ይህን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?

ያስፈልጋል መሰለኝ። በአገሩ ለውጥ መጣ ከተባለ በኋላ፣ 2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ጎንደር አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ ኢንተርኔት አስተዳደርና ስለ ሰብዓዊ መብት ስብሰባ ተደርጎ «ተሞክሮሽን አካፍዪ» ተብዬ ተጠራሁ። ሰናይት ተመልሳ ነበርና አብራኝ መጣች፤ መናገር አልፈለገችም፤ ከኋላ በር አጠገብ ተቀመጠች። ቦርሳና እስክሪብቶ ሰጡን። አንዱ ተነሥቶ ባለድርሻ አካላት ሲል፣ ሌላው ተነሥቶ የአቅም ግንባታ ሲል ረፋዱ አለቀ። ማን እንደሚዘጋው፣ የሚዘጋውን ደግሞ ማን እንደሚጠይቀው የተናገረ አንድም ሰው አልሰማሁ። ተራዬ ሲደርስ ከላይ የነገርኋችሁን በአጭሩ ተናገርሁ፤ የልጄን ስምና የኃላፊውን ሹመት ብቻ ዘለልሁ። አጨበጨቡ። ከዚያ ሻይ ጠጡ።

ሻይ ላይ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ዞር አልሁ፤ እሱ ነው። ደረቱ ላይ የተሳታፊ ካርድ አንጠልጥሏል፤ ከወረዳ ተወክሎ ነው የመጣው፤ ለሰብዓዊ መብት!

«እናቴ» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ጥሩ ተናገርሽ። ያ ጊዜ ለሁላችንም ከባድ ነበር። ሰናይት ደህና ናት? የት ናት አሁን?»

ዓይኔን ወደ በሩ እንዳልጥል አንገቴን አደረቅሁት።

«ደህና ናት» አልሁት።

«ሰላምታዬን አድርሺልኝ» አለና ብስኩቱን እያኘከ ወደ ውጭ ሄደ። በሩ ጋ ሰናይት ወንበሯ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከተማውን በሙሉ ያስማለው፣ ኬላ ያስጠበቀው፣ እኔን የመታው ለእሷ ነው፤ ግን አንድ ቀን እንኳ መልኳን ልይ ብሎ አያውቅም ኖሯል።

«ይቅርታ እህቴ፣ አንዴ አሳልፊኝ» አላት።

እግሯን ሰበሰበችለት፤ አለፈ። ከዚያ ሰው አፍ የሰማነው ይቅርታ እስከ ዛሬ ያ ብቻ ነው።